ፓስታዬን አታርሙብኝ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ፦ ምግቡ ጥሩ ነበር።

ቤቷ አዲስ አበባ ውስጥ ናት፤ ስሟን አልጠራም። ከአሥር የማይበልጡ ጠረጴዛዎች፣ ቀይና ነጭ ዳማ የጠረጴዛ ልብስ፣ የወይን ጠርሙስ አፍ ላይ የተተከለ ሻማ፣ ዝግ ያለ የጣልያንኛ ዘፈን፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ የማናችንም አያት ያልሆነች የአንዲት አያት ፎቶ። ውጪ ዝናብ ነው። ውስጡ ይሞቃል፣ የተጠበሰ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ሁላችሁም የምታውቋት ዓይነት ቤት ናት፤ ደመወዝ በወጣ ሰሞን «እስቲ ዛሬስ ራሳችንን እንጋብዝ» ተብሎ የሚኬድባት። ጓደኞቼ ልደቴን ምክንያት አድርገው ነው የወሰዱኝ።

ፓስታው መጣ። ቀመስኩት። ጥሩ ነው። ግን እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ፣ ምላሴ የለመደው ነገር አለ፤ አስተናጋጁን ጠራሁና «ወንድሜ፣ ትንሽ በርበሬ ታመጣልኛለህ? ቃሪያም ካለ» አልኩት። ልጁ በትሕትና ፈገግ አለ። «ይቅርታ፣ የኛ ትክክለኛው የጣልያን ነው። ሼፉ በርበሬ እንዲነካው አይፈልግም» አለኝ። ከጓደኞቼ አንዱ ይሄን ሰምቶ «እንጀራም ጠይቀው እንጂ!» አለ። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ።

እኔም ሳቅኩ። እስከዛሬ የሚያበሽቀኝ ይሄ ነው። አስተናጋጁ የታዘዘውን ነው ያለው፣ ጓደኛዬም ቀልዱን ነው። እኔ ግን ልጅ ሆኜ ስበላው ባደግኩት ምግብ ላይ፣ ከፍዬ በገባሁበት ቤት፣ ከሌሎች ጋር ሆኜ ሳቅኩ።

ይሄን የምጽፈው በዚያ ሳቅ ላይ ነው።

*

ሐይቅን ለማታውቋት፦ ከደሴ ወደ ወልድያ ስትወጡ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የተሁለደሬ ወረዳ ከተማ ናት። ስሟን የሰጣት ሐይቅ አጠገቧ አለ፤ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞአ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም እዚያው ነው። ወደ ሰሜን ስትቀጥሉ አምባሰል ትገባላችሁ፤ የአምባሰል ከተማ ደግሞ ውጫሌ ናት። ይቺን የመጨረሻዋን ስም ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

እኛ ጋ «ሆቴል» የሚል የተጻፈበት ቤት ሁሉ አልጋ የለውም። ሆቴል ማለት የሚበላበት ቤት ነው። እኔ ያደግኩት ከእንዲህ ያለ አንድ ሆቴል ፊት ለፊት ነው። የቤቱን እመቤት ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ» ነው የሚላቸው። እትዬ ሜኑ የላቸውም፤ ሜኑው እሳቸው ናቸው። «ምን አለ?» ስትሏቸው በአንድ ትንፋሽ ይዘረግፉታል፦ አሳ ጥብስ፣ አሳ ጉላሽ፣ ሽሮ፣ በያይነቱ፣ ፓስታ በዳቦ፣ ፓስታ በእንጀራ።

ፓስታ በእንጀራ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የሚስቁበት ሰዎች አብዛኞቹ ሲሠራ አላዩም። ሽንኩርቱ ደቅቆ ይከተፍና ሳይቸኮል ይቁላላል። ዘይት ይገባል፣ ነጭ ሽንኩርት ይገባል፣ በርበሬ በማንኪያ ጫፍ። ከዚያ ቲማቲሙ ይገባና ውሃውን ጨርሶ ዘይቱ ወደ ላይ ብቅ እስኪል ድረስ እሳቱ ላይ ይቆያል። እትዬ ይሄን «ሱጎ» ይሉታል፤ ስሙ የጣልያን ነው፣ ሥራው ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቁሌት ነው። ማንኛዋም ወሎዬ እናት ለወጥ የምታደርገው ያንኑ ነው። ጣልያኖችም ሽንኩርት በዘይት ቀስ ብሎ የሚበስልበት «ሶፍሪቶ» የሚሉት አላቸው፤ ሁለቱ ሙያዎች እዚያ ድስት ውስጥ ሲገናኙ የተዋወቁ ዘመዳሞች ይመስላሉ።

ፓስታው ደግሞ ለስላሳ ነው። አዎ፣ ለስላሳ! «አል ዴንቴ» አይደለም፣ ጥርስ ላይ አይንከረፈፍም። የአዲስ አበባው ጓደኛዬ «አብዝተው ይቀቅሉታል፣ አያውቁበትም» የሚለው እዚህ ጋ ነው። እስቲ ቀስ በሉ። አንደኛ፣ እሽጉ ላይ «ይህን ያህል ደቂቃ» ብሎ የጻፈው ፋብሪካ ውሃ በ100 ዲግሪ እንደሚፈላ አስቦ ነው የጻፈው። ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ትጠጋለች፤ እዚያ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። እሽጉ ላይ ያለው ሰዓት ለእትዬ ድስት አልተጻፈም። ሁለተኛና ዋናው፣ ይሄ ፓስታ የሚበላው በእጅ ነው፣ በእንጀራ ተጠቅልሎ። ጠንከር ያለ ፓስታ ከእንጀራው ያፈተልካል፣ ይንሸራተታል፣ ልብስ ያበላሻል። ለስላሳው ግን ሱጎውን ይዞ ከእንጀራው ጋር አንድ ጉርሻ ይሆናል። የሚጎረስ ምግብ ነው። ሹካ ላይ የሚጠቀለል ምግብ ሊለካበት በተሠራ መስፈሪያ የሚጎረስን ምግብ መለካት፣ ጋቢን «ኪስ የለውም» ብሎ እንደ መውቀስ ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ እሱን ከወሎ ውጪ ያለ ሰው ቶሎ ላያየው ይችላል። እኛ ጋ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይኖራል፣ ይጋባል፣ አብሮ ያለቅሳል። ሥጋ ላይ ግን እያንዳንዱ የየራሱን ነው የሚበላው፤ የሙስሊም ሥጋ ቤት አለ፣ የክርስቲያን ሥጋ ቤት አለ። ታዲያ አራት ጓደኛሞች፣ ሁለቱ ሙስሊም ሁለቱ ክርስቲያን፣ ከትምህርት ቤት ወጥተው ርቧቸው ከአንድ ትሪ ምን ይበላሉ? አሳ፣ ሽሮ፣ ወይ ፓስታ በሱጎ። ባራጅ የለበትም። ረቡዕም ዓርብም ይበላል። ርካሽ ነው፣ ይበቃል። ልጅነቴን ሳስብ ያ ትሪ ነው የሚመጣብኝ፤ ስምንት እጅ ገብቶበት ማንም «ይሄ የማን ነው?» ብሎ የማይጠይቅበት።

እንግዲህ «ትክክለኛ ፓስታ አይደለም» የተባለው ይሄ ነው።

*

አሁን ወደ «ትክክለኛው» እንሂድ። ጥያቄዬ ቀላል ነው፦ የቱ ጣልያን? የመቼው?

ቲማቲም የአሜሪካ አህጉር ተክል ነው። ጣልያን የደረሰው በ16ኛው መቶ ዓመት ነው፤ ፓስታና የቲማቲም ሱጎ ተጋብተው የየቀኑ ምግብ እስኪሆኑ ደግሞ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ ጊዜ ፈጅቷል። የዛሬ አራት መቶ ዓመት አንዱ የናፖሊ ሰው ሌላውን «ያ ቀዩ ነገር ፓስታ አይነካም» ሊለው ይችል ነበር ማለት ነው። ካርቦናራ፣ ያቺ ክሬም የነካት ሰው የሚወገዝባት ካርቦናራ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በታተመ የምግብ መጽሐፍ ላይ ስሟ አይገኝም። ዕድሜዋ ከብዙዎቻችን አያቶች ያንሳል። የኛው በርበሬም ቢሆን ያው ነው፤ እሱም እንደ ቲማቲሙ ከአሜሪካ ነው የመጣው። ዛሬ ያለሱ ወጥ አይታሰብም። እንጀራ ላይ በርበሬን «መጤ ነህ» ብሎ የሚያባርረው ማነው?

ምግብ ይሄዳል። የሄደበት አገር ያገባዋል፣ ይወልድለታል። ጃፓኖች ከጦርነቱ በኋላ ዮኮሃማ ላይ ስፓጌቲን በኬቻፕ ጠብሰው «ናፖሊታን» አሉት። ናፖሊ ውስጥ እንዲህ የሚባል ምግብ የለም፤ ጃፓኖች ግን አያፍሩበትም፣ የልጅነት ምግባችን ነው ይላሉ። ሶማሌዎች ፓስታቸውን ከሙዝ ጋር ይበላሉ። ሙዝ! ያውም ጣልያን በቅኝ ግዛት የያዛቸው ሰዎች ናቸው፣ ግን ሙዙን ሲልጡ ሮምን አያስፈቅዱም። ኒው ዮርክ የደረሱ የደቡብ ጣልያን ስደተኞች ስፓጌቲው ላይ ትልልቅ የሥጋ ድብልብል ጫኑበት፤ ዛሬ «የጣልያን አሜሪካውያን ምግብ» ተብሎ ስምና ክብር አለው። አዲስ አበባ ላይ ያንን የሥጋ ድብልብል ሜኑው ላይ የሚጽፉ ቤቶች አሉ፤ ያውም «ኦሪጅናል» ብለው!

ስለዚህ ነገሩ ፓስታው ስለተለወጠ አይደለም። የለወጠው ማነው ነው። ኒው ዮርክ ላይ ሲለወጥ ፈጠራ ይባላል፣ ሐይቅ ላይ ሲለወጥ አለማወቅ ይሆናል።

*

ከሌላ ወገን ደግሞ የሚመጣ ድምፅ አለ፤ እሱንም ሳልሰማ አላልፍም። «ፓስታ የፋሽስት ቅሪት ነው። አያቶቻችንን የፈጀ ሕዝብ ምግብ ላይ ምን ያስጨቃጭቃችኋል? ጣሉት!» የሚል። ይሄን የሚሉትን አልቀልድባቸውም፤ ያሉበት ምክንያት አለ፣ ለኛ ለወሎዎች ደግሞ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፤ ቀይ መስቀል የተሳለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። በመጋቢት ማይጨው ላይ ጦሩ ሲፈታ፣ የተረፈው በአሸንጌ ሐይቅ በኩል ሲያፈገፍግ ቦምብና የመርዝ ጋዝ ዘነበበት። ከዚያ የወራሪው ጦር የሄደው በዚሁ በኛ መንገድ ነው፤ ደሴ ገባ፣ ከደሴም በመኪና ተነስቶ አዲስ አበባ ገባ።

ይሄን የረሳ ሰው ፓስታ ባይበላም ይቅርበት። ግን ጥያቄው ይሄ ነው፦ ማስታወስ ማለት መጣል ነው?

በደሴ አድርጎ ወደ አስመራ የሚሄደውን መንገድ አስፋልት ያለበሰው ጣልያን ነው፤ ለጦሩ ብሎ። እኛ ዛሬ በሽተኛ እናደርስበታለን፣ ሙሽራ እናመጣበታለን። ሐይቅ ላይ ጎማ የተነፈሰበት ሹፌር የት ይሄዳል? ጎሚስታ። መኪናው ሲቆሽሽስ? ላቫጆ። ፍሬኑ፣ ካምቢዮው፣ ፊት መስተዋት ላይ የሚለጠፈው ቦሎ፣ ሁሉም የጣልያን ቃላት ናቸው። እነዚህን ቃላት ስንጠራ ለሙሶሊኒ እየሰገድን ነው የሚል ሹፌር እስካሁን አላየሁም። መጡ፣ ቀሩ፣ የኛ ሆኑ።

በፓስታ ላይ ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። ፋሽስቶቹ ራሳቸው ሁሉም ፓስታን አይወዱም ነበር። ማሪኔቲ የሚባል የጣልያን ገጣሚ ነበር፣ ፉቱሪስቶች የሚባሉት መሪ፣ የሙሶሊኒ ደጋፊ። በታኅሣሥ ወር 1930 እ.ኤ.አ. ቶሪኖ ላይ በሚታተም ጋዜጣ ባወጣው የምግብ መግለጫ ፓስታ ከጣልያን ጨርሶ እንዲጠፋ ጠየቀ፤ ሰውን ያደነዝዛል፣ ያሰንፋል፣ ለውጊያ የማይሆን ያደርጋል ብሎ። በዚያ ላይ አገሪቱ ከውጪ የምታስገባውን ስንዴ ይበላል አለ። ይሄው ሰውዬ ከአምስት ዓመት በኋላ በፈቃዱ ዘምቶ ኢትዮጵያን ሊወርር መጣ። እንግዲህ ፍረዱ፦ ያ ፓስታ ጠል ወራሪ ዛሬ ሐይቅ ቢመጣና አራት ልጆች አንድ ትሪ ከበው ፓስታ በእንጀራ ሲጎርሱ ቢያይ፣ «አሸነፍን» የሚል ይመስላችኋል?

በ1933 ዓ.ም. አገሪቱ ነጻ ስትወጣ ንጉሠ ነገሥቱ በክፉ ፈንታ ክፉ አትመልሱ ብለው ነበር፤ ብዙ ጣልያኖችም እዚሁ ቀሩ። መካኒክ ሆኑ፣ ግንበኛ ሆኑ፣ ምግብ ቤት ከፈቱ፤ የፒያሳው ካስቴሊ ከነዚያ አንዱ ነው። ፓስታው ግን ሐይቅ ድረስ የዘለቀው በምግብ ቤት ባለቤቶች ስም አይደለም። ስማቸው የትም ያልተጻፈ፣ የሰው ድስት አይተው የራሳቸውን ድስት የጣዱ የኛ ሴቶች ናቸው ያዘለቁት። ፓስታን መጣል የሚል ሰው መጀመሪያ የነሱን እጅ ነው የሚጥለው።

*

ውጫሌን ያዙልኝ ብዬ ነበር።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የጣልያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ ውል የተፈራረሙት ከሐይቅ በስተሰሜን፣ አምባሰል ውስጥ፣ ይስማ ንጉሥ በሚባለው ቦታ ነው። አንቀጽ 17ን ትምህርት ቤት ያልተማረ የለም። የአማርኛው ቅጂ የኢትዮጵያ ንጉሥ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ ጣልያንን መጠቀም ይችላሉ ይላል። የጣልያንኛው ቅጂ ደግሞ በጣልያን በኩል ለማድረግ ተስማምተዋል ይላል። አንዱ «ከፈለጉ» ነው፣ ሌላው «ግድ» ነው። ከዚያች ልዩነት የተነሳ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ምን እንደተደረገ ታውቃላችሁ።

ቀልድ እየቀለድኩ ነው፣ አውቃለሁ፤ አንድ ሳህን ስፓጌቲና አንድ የአገር ነጻነት እኩል አይመዘኑም። ግን የቃሉ ጨዋታ አንድ ነው። እትዬ ፓስታ የሚሠሩት በ«ይቻላል» ነው። ወደዱት፣ ወሰዱት፣ ከእንጀራቸው ጋር አስማሙት፣ በርበሬ ጨመሩበት። ዳማ የጠረጴዛ ልብስ ያለው ቤት ደግሞ ያንኑ ፓስታ በ«ግድ» ይመልስልናል፦ እንዲህ ብቻ ነው፣ በዚህ ብቻ ነው፣ በሹካ ብቻ ነው፣ አለበለዚያ አታውቁም። ጣልያን በውል ያላገኘውን የመፍቀድና የመከልከል ሥልጣን እኛው በሜኑ ሰጠነው። ማንም አላስገደደንም። ያውም ሳቅንበት።

*

አሁን የምታነቡኝ ባለሙያዎች ካላችሁ ምን እንደምትሉ ይገባኛል። «እኛ ተምረን፣ ደክመን ነው። አንድ ሼፍ ሳህኑ ላይ የሚሆነውን የመወሰን መብት የለውም?» አለው! ሙሉ መብት አለው። አንድ ሰው የሮምን ምግብ እንደ ሮም ልሥራ ካለ ሙያ ነው፣ አከብረዋለሁ፣ ከፍዬም እበላለሁ። የዚያ ቀን ምግብ ጥሩ ነበር ብዬ የጀመርኩት ለዚህ ነው። በርበሬውን መከልከሉም ቅር አላለኝም፤ የሱ ድስት ነው።

ቅር ያለኝ «ትክክለኛ» የምትለው ቃል ናት። ትክክለኛ ሲባል ስሕተት የሆነ አንድ ሌላ አለ ማለት ነው። ያ ስሕተት ደግሞ የእትዬ ትሪ ነው። «የኛ እንደ ሮም ነው፣ በርበሬ የለንም» ማለት አይቻልም ነበር? አንድ ቃል ቢቀየር ማንም አይዋረድም።

ውርደቱ ደግሞ አዲስ አበባ አይቀርም። ወደ ሐይቅ ይወርዳል፣ በኛ በልጆቿ በኩል። እዚህ ጋ ሁለተኛውን ኑዛዜዬን ልጨርስ፣ ምክንያቱም ከመጀመሪያው ይከብዳል።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በመጀመሪያው ክረምት ለዕረፍት ስመለስ እትዬ ጋ ገባሁ። እንደ ድሮው ፓስታ በእንጀራ አቀረቡልኝ፣ ሳልጠይቅ። እኔ ደግሞ አዲስ ነገር የተማርኩ መስሎኝ «እትዬ፣ ይሄ እኮ ትክክለኛ ፓስታ አይደለም። ጣልያኖች ቢያዩት ይስቃሉ» አልኳቸው። እትዬ ምንም አላሉም። «እሺ የኔ ልጅ» ብለው ሹካ አመጡልኝ። በሚቀጥለው ዓመት ስሄድ «ምን አለ?» አልኳቸው። አሳ ጥብስ፣ አሳ ጉላሽ፣ ሽሮ፣ በያይነቱ፣ ፓስታ በዳቦ። እዚያ ላይ አቆሙ። ያቺ የመጨረሻዋ አልተጠራችም። ለሌላው ሰው ይጠሯታል፤ ለኔ ግን ዘለሏት።

ያን ቀን አልገባኝም ነበር። የገባኝ ሻማ ባለበት ጠረጴዛ ላይ፣ ያው ዓረፍተ ነገር በኔው ላይ ሲመለስ ነው።

*

ታዲያ ምን ይደረግ? ማልቀስ ብቻ አይሆንም፤ ልዩ የጠየቅኩት ነገርም የለም።

በቅርቡ ሐይቅ ስሄድ ወደ ውሃው በሚወስደው መንገድ አንድ አዲስ ቤት አየሁ። ደስ የሚል ቤት ነው፤ አምፖሎች በገመድ ተንጠልጥለዋል፣ የእንጨት ወንበር፣ «ጣልያን ነክ» ምግቦች። ሜኑውን ገለጥኩት። ፓስታ በቱና አለ። የቱናው ቆርቆሮ ከውጪ የመጣ ነው። ከምግብ ቤቱ መስኮት ሐይቁ ይታያል። ሐይቁ ውስጥ ቆሮሶ አለ፣ አምባዛ አለ። ጠዋት ጠዋት አሳ አጥማጆች የያዙትን ይዘው በበሩ ያልፋሉ። ሜኑው ላይ ግን የሐይቅ አሳና ፓስታ አንድ ላይ አልተገናኙም። «ለምን?» አልኩት አስተናጋጁን። «አይሄድም መሰለኝ» አለኝ።

አይሄድም! የጣልያን ሐይቆች ዳር ያሉ ሰዎች የሐይቃቸውን አሳ ከፓስታና ከሩዝ ጋር ሲበሉ ኖረዋል። ከጣልያን የምንማረው ነገር ካለ እሱ ነው። ዳማ ጨርቁን ተውት፣ ሻማውን ተውት። የጣልያን እናት ምስጢሯ ጠዋት ገበያ ወርዳ ዛሬ ምን አለ ብላ መጠየቋ ነው። ጣልያንን እከተላለሁ የሚል ሰው ሐይቅ ላይ የቱና ቆርቆሮ አይከፍትም፤ ቆሮሶውን ያጸዳል፣ የቆላውን መስኖ ቲማቲም ይገዛል፣ ቁሌቱን ይጥዳል።

ስንዴውስ? ፓስታ የሚሠራው ዱረም ከሚባለው ጠንካራ ስንዴ ነው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ደጋውን ሲዞር፣ ያየው የዱረምና የዘመዶቹ ስንዴ ዓይነት ብዛት አስደንቆት ነበር። እስከዛሬም አገራችን ለዚህ ስንዴ ዓይነት ብዛት በዓለም ከሚጠቀሱት ናት። የወሎ ገበሬ ፓስታ የሚባል ነገር ከመሰማቱ በፊት የፓስታውን እህል ሲዘራ፣ ሲመርጥ፣ ዘሩን ሲያቆይ ኖሯል። እና እኛ ነን ለፓስታ እንግዳ የሆንነው? ምግቡ እዚህ ሲደርስ እህሉ ቀድሞ ቤቱ ተቀምጦ ነበር።

ስለዚህ ምግብ ቤት ያላችሁ፣ ልትከፍቱም የምታስቡ፣ ይሄን ነው የምላችሁ። ሻማችሁን አብሩ፣ ዘፈናችሁን ክፈቱ፣ የሮሙን እንደ ሮም ሥሩት። ግን ሜኑው ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ «ፓስታ በእንጀራ»። ያለ ትእምርተ ጥቅስ፣ ያለ ቀልድ፣ ያለ «ለናፍቆት»። ለሚሠሩት ሴቶች የሚገባቸውን ከፍላችሁ፣ እነሱ እንደሚሠሩት። ሐይቅ ዳር ከሆናችሁ ደግሞ ከሐይቁ አሳ ጋር። አይሸጥም ካላችሁ ስድስት ወር ሞክሩትና ከዚያ ንገሩኝ።

እናንተ ደግሞ እንደኔ ከትንሽ ከተማ ወጥታችሁ ሹካ መጠቅለል የተማራችሁ፦ በዓል ላይ አገር ቤት ስትገቡ እናቶቻችሁን አታርሙ። ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰው «እንጀራም ጠይቀው እንጂ» ብሎ ሲስቅ፣ አትሳቁ። ጠይቁ።

እኔ ባለፈው የእትዬን በር ገፋሁና ተቀመጥኩ። «ምን አለ እትዬ?» ዘረገፉልኝ፤ ፓስታ በዳቦ ላይ ሲደርሱ እንደልማዳቸው አቆሙ።

«ፓስታ በእንጀራ የለም?»

ቀና ብለው አዩኝ። ቆይተው «ትክክለኛ አይደለም ያልከኝ አንተ አይደለህ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው።»

«ቃሪያ ይደረግ?»

«ይደረግ።»

ሹካ ላምጣ አላሉኝም። የእጅ ውሃ ይዘው መጡ።